ዛፍና ጠባቂው በአበርገሌ

ከሰቆጣ ደጋ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ለሚወርድ መንገደኛ የዛፉ ዓይነት ራሱ የከፍታ መለኪያ ነው። ከ2000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ጥድና ወይራ በየቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ይታያሉ፤ ዝቅ ሲል ግራርና ቁርቁራ ይተካሉ፤ በሞቃቱ የአበርገሌ ቆላ ደግሞ በድንጋያማው ተዳፋት ላይ የዕጣን ዛፍ ይቆማል። እነዚህ ዛፎች እንዴት ሊተርፉ ቻሉ? ይህ ጥያቄ የታሪክ ተመራማሪን ብቻ ሳይሆን ዛሬ በግቢው ችግኝ የሚተክለውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው።

የመልሱ አንዱ ክፍል ከዋግ ጋር በሚዋሰነው በላስታ ምድር ይገኛል። በ12ኛው መቶ ዓመት በዋሻ ውስጥ የተሠራው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት እየተደረበ የቆመ ነው። የአክሱም ግንበኞች ያስተማሩት ይህ የአሠራር ስልት ረጅምና ጠንካራ ግንድ ይጠይቃል፤ ይኸውም ደን ለሕንፃ ጥበብ መሠረት እንደ ነበረ ያስረዳል። በቦታው ዙሪያ ዛሬም የጥድ ደን ይታያል። በአጠቃላይ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል አሮጌ ዛፍ የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ዛፉ ባለቤትም፣ ሕግም፣ አጥርም አለው። ሰው ግዝቱን ይፈራል፤ ከብትም እንዳሻው አይገባም።

ከቤተ ክርስቲያን ቀጥሎ ዛፍን የጠበቀው የገበሬው ግቢ ነው። በደጋውና በወይና ደጋው ጌሾ በጓሮ ይተከላል፤ የዕቃ እጣቢ እየተደፋለት፣ የከብት ፍግ እየተጨመረለት በእመቤቲቱ እጅ ያድጋል። በቆላው ቁርቁራ በራሱ ጊዜ ሲበቅል ገበሬው ሳይነቅል ይተወዋል፤ ፍሬው ይበላል፣ እሾሃማው ቅርንጫፍ ለአጥር ይሆናል፣ አበባውን ንብ ይቀስማል። ጌሾውም ሆነ ቁርቁራው የተጠበቀው የቤተሰቡን ጥቅም በየዓመቱ ስላሟላ ነው።

ይህንኑ የመንግሥት ታሪክም ያረጋግጠዋል። በ1880ዎቹ ዓመታት መጨረሻ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት በተጨነቀች ጊዜ የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ገባ። ዐፄ ምኒልክ ችግኙ በርካሽ ዋጋ እንዲታደል፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬትም ከግብር ነጻ እንዲሆን ስላደረጉ ባለርስቱ በፈቃዱ ተከለ፤ ከተማይቱም በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ በደን ተከበበች። ባሕር ዛፍ የቀድሞውን ጥድና ወይራ ባይተካም፣ ሰው የራሱ ለሚሆነው ዛፍ ጉልበቱን እንደማይነፍግ አሳይቷል።

ተቃራኒው ትምህርት የተገኘው ከዚያ በኋላ ነው። በ1965ና በ1966 ዓ.ም. እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. ወሎን የመታው ረሃብ የተራቆተ መሬት ምን እንደሚያስከትል ለዓለም አሳየ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ በቀጠሉትም ዓመታት በብዙ የሀገሪቱ ክፍል በምግብ ለሥራ ተራሮች በእርከንና በችግኝ ተሸፈኑ። ይሁን እንጂ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ከእነዚህ የወል ደኖች ብዙዎቹ ተጨፈጨፉ። የተከላቸው እጅ የብዙ ሰው ነበር፤ የእኔ ናቸው የሚላቸው ግን አልነበረም።

አበርገሌ ይህን ሁሉ በጠባቡ የሚያሳይ አገር ነው። ወረዳው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በፍየሉና በዕጣኑ። የአበርገሌ ፍየል በስሙ የሚጠራ ዝርያ ሲሆን፣ ዝናብ በሚያጥርበት ምድር ለቤተሰብ ወተትም፣ ሥጋም፣ የክፉ ቀን ጥሪትም ነው። የዕጣን ዛፍ ደግሞ ቅጠሉን በሚያራግፍበት በጋ ቅርፊቱ በየጊዜው እየተላጠ ሙጫው ጠብ ብሎ ሲደርቅ ይለቀማል። ችግሩ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ሀብቶች መካከል ነው። የዕጣን ችግኝ ለብዙ ዓመታት በበጋ ከላይ ይደርቅና ሥሩ ብቻ ከመሬት በታች በሕይወት ይቆያል፤ በክረምት ያቆጠቆጠውን ፍየል ከበላው ወይም እሳት ካገኘው ዛፍ ለመሆን አይበቃም። ከመጠን በላይ የተላጠ ዛፍም የሚበቅል ዘር በብዛት አይሰጥም። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ውስጥ ከመቶ 75 የሚበልጡት ትናንሽ ዛፍ እንደሌላቸው፣ በ20 ዓመት ውስጥም የዕጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ አመልክቷል።

ፍየሉን አጥፉ ማለት ድሀውን ከነልጆቹ አጥፉ ማለት ስለሆነ መፍትሔ ሊሆን አይችልም። የሚሻለው ቅጽሩ ያስተማረውን ወደ ገበሬው ደጃፍ ማምጣት ነው። የዕጣን ዛፍ ከዘር ብቻ ሳይሆን ቅጠል ከሌለው ወፍራም ቅርንጫፍ እንደሚበቅል በሙከራ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ በግቢ ዳርና በማሳ ወሰን እንደ ሕያው አጥር ሊተከል ይችላል። ለሌሎች ችግኞች ጉድጓዱ ከዝናቡ በፊት ይቆፈር፤ በተዳፋቱ በታችኛው በኩል ግማሽ ክብ ክትር ይሠራ፤ ግርጌው በድንጋይና በገለባ ይሸፈን፤ ዙሪያው በእሾህ ይታጠር። በበጋ የቤት እጣቢ ይበቃዋል። ተራራው ደግሞ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ ሲደረግ ሣሩ ታጭዶ ለፍየሎቹ ይድረስ።

ነገሩ ከግቢም ያልፋል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ ሐይቁም ከአበርገሌ ግርጌ ድረስ ይደርሳል። ከተራቆተ ተዳፋት ጎርፍ የሚያጥበው አፈር የሚያርፈው በዚያው ሐይቅ ነውና፣ የገበሬው እርከንና አጥር የግድቡም ዕድሜ ጠባቂዎች ናቸው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት ብዙ የአበርገሌ ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ተሰደዋል። ሰው በሌለበት ቀዬ ችግኝ ውኃ የሚያጠጣው፣ አጥሩን የሚጠግንለት የለም። ስለዚህ በዚህ ምድር የዛፍ ነገር ከሰላም ነገር ተለይቶ አይታይም። በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረው የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ የተተከለው ችግኝ ብዛት በየክረምቱ ይነገራል። መልካም ነው። ነገር ግን የይምርሐነ ክርስቶስ ጥድም፣ የጓሮው ጌሾም፣ የ1983ቱም ጉቶ በአንድነት የሚመሰክሩት፣ ትክክለኛው ቆጠራ ከሦስት በጋ በኋላ ቆሞ የተገኘውን፣ ባለቤቱም የታወቀውን ዛፍ መቁጠር መሆኑን ነው።