የሳነቴ ድንጋዮች፦ ማን ደረደራቸው? ማንስ ጠረባቸው?

በባሌ ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የአስታውን ጫካ ጥሶ ሲወጣ ዛፍ የሚባል ነገር ድንገት ይጠፋል። ከዚያ ወዲያ ወደ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ የተንጣለለው ውርጫማ ሜዳ ሳነቴ ነው፤ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ አለፍ አለፍ ብሎ የቆመ ጅብራ፣ ድንጋይና ነፋስ። ጎብኚው በብዛት የሚመጣው ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው። አሻግሮ ሲያማትር ይውልና ከእግሩ ሥር ያለውን ሳያይ ይመለሳል። ይህ ሁሌም ያስቆጨኛል። ስለ ጥንታዊ ድንጋይ ሲነሳ አክሱምንና ጢያን እንጠራለን፤ ዕድሜው ከሁለቱም እጅግ የራቀውን የሳነቴን ድንጋይ የሚያነሳ ግን እምብዛም የለም።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው በተዳፋቱ ላይ ቁልቁል የተዘረጋው የድንጋይ መደዳ ነው። አንዳንዱ እስከ 1,000 ሜትር ይረዝማል፤ ስፋቱ እስከ 15 ሜትር፣ ጥልቀቱም እስከ 2 ሜትር ይደርሳል። በመደዳና በመደዳ መካከል ያለው ሣርና አፈር ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው «ይህን የሚያህል ካብ የካበው የየትኛው ዘመን ሕዝብ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

የካበው ብርድ ነው። በስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው አሌክሳንደር ግሮስና ባልደረቦቹ ቦታውን ለዓመታት አጥንተዋል። መሬት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጥና ድንጋዩን ይገፋዋል፤ ሲቀልጥ አፈሩ መልሶ ይሰክናል። ይህ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም ድንጋይና አፈር እየተለያዩ ይሄዳሉ፤ ቦታው ተዳፋት ከሆነም ድንጋዩ መስመር ይሠራል። ዛሬም በሳነቴ መሬቱ ሌሊት ይረጋል፣ ረፋዱ ላይ ይቀልጣል። የሚረጋው ግን ላይ ላዩ ብቻ ስለሆነ ያን የመሰለ ድንጋይ ሊያንቀሳቅስ አይችልም። እንግዲህ መደዳዎቹ የባሌ ተራሮች ግግር በረዶ ተሸክመው ከነበሩበት ዘመን የቀሩ ናቸው። በሐሩር ክልል ይህን የሚያህል መደዳ ከዚህ ጥናት በፊት አይታወቅም ነበር።

የሰው እጅ ያረፈበትን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ከ4,200 ሜትር በላይ ባለው ከፍታ ጥቁር ባልጩት ከመሬት የሚወጣባቸው ቦታዎች አሉ። የባልጩቱን ስብርባሪ ጠርዝ ወደ ፀሐይ ብታዞሩት ብርሃን ያሳልፋል። ሰው ከመታው ምቱ ባረፈበት ቦታ ትንሽ እብጠት ይኖራል፤ ከእብጠቱ ተነስቶም ጠጠር እንደተጣለበት ኩሬ እየሰፋ የሚሄድ ቅስት መስመር ይታያል። ጠርዙ በጥቃቅኑ ተራ በተራ ተሸራርፎ ከሆነ ደግሞ ሆን ተብሎ የተሳለ መሣሪያ ነው። ሙያው ከእኛ ብዙ አልራቀም፤ በኮንሶ ቆዳ የሚያለፉ ሴቶች በድንጋይ መፋቂያ ሲሠሩ ኖረዋል።

ያ ባልጩት የት ደረሰ? መልሱ የተገኘው እዚያው ባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሐበራ በተባለው የድንጋይ ጥላ ሥር ነው፤ ከፍታው 3,469 ሜትር። በጀርመኑ ኮሎኝ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂስት ጎትዝ ኦሰንዶርፍ የተመራው ቡድን፣ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም ያሉበት፣ ውጤቱን በነሐሴ 2011 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አወጣ። ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እዚያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። እሳት ያነደዱበት ምድጃ፣ የድንጋይ መሣሪያና የተቃጠለ አጥንት ተገኝቷል። ባልጩቱ ሲመረመር ምንጩ ያ ከ4,200 ሜትር በላይ ያለው ከፍታ ሆነ። በዚያን ጊዜ ከላያቸው ያለው ተራራ በረዶ ለብሶ ነበር። ድንጋይ ፍለጋ ወደ በረዶው ጥግ ይወጡ ነበር ማለት ነው። በመላው ዓለም እስከዚያ ድረስ ይህን ያህል ከፍታ ላይ እንዲህ ያረጀ የመኖሪያ ቦታ አልተገኘም ነበር።

በአየር እጥረትና በዚያ ብርድ ሰው ምን በልቶ ኖረ? እዚህ ላይ መልሱ ፍልፈል ነው፤ ከባሌ ተራሮች ውጭ በዓለም የማይገኘው ትልቁ ፍልፈል፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ገደማ። ዛሬ ሳነቴ ላይ ዝም ብላችሁ ብትቀመጡ ከጉድጓዱ ብቅ ብሎ በአካባቢው ያለውን ሣር ጨርፎ ወደ ኋላው ሲሸሽ ታዩታላችሁ። ቀይ ቀበሮው የሚያደባው ለእሱ ነው። ከምድጃው የወጣው አብዛኛው አጥንት የዚሁ እንስሳ ሲሆን፣ ብዙው እሳት ነክቶታል፤ ጠብሰው ይበሉት ነበር። ሥጋው በብዛት አለ፤ ከበረዶው የሚቀልጥ ውሃ አለ፤ ለመሣሪያ የሚሆን ባልጩትም ቅርብ ነው። ወደዚያ የወጡት የትም የሚሄዱበት አጥተው ነው ብሎ መደምደም ለእነዚያ አዳኞች ብልሃት ዋጋ መንፈግ ይመስለኛል። ዛሬም ከብት አርቢዎች በጎደንቱ ሥርዓት ወቅት ጠብቀው ከብታቸውን እየነዱ ወደ ደጋው ሲወጡ በእንዲህ ዓይነት ዋሻዎች ይጠለላሉ።

ሳነቴን የያዘው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ለመሄድ የምታስቡ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለውን ደረቅ ወቅት ምረጡ፤ ከዲንሾ ከተማ አስጎብኚ ያዙ፤ ከፍታው ራስ ያዞራልና የመጀመሪያውን ቀን ቀስ በሉ። የድንጋይ መደዳዎቹ በደንብ የሚለዩት ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ነው። የባልጩት ስብርባሪ ካገኛችሁ አይታችሁ፣ ፎቶ አንስታችሁ እዚያው ተዉት። ከየት እንደተነሳ ያልታወቀ ባልጩት ለተመራማሪ ምንም አይነግረውም፤ ፊንጫ ሐበራን ከላይኛው ተራራ ጋር ያገናኘው እኮ እያንዳንዱ ስብርባሪ የተገኘበት ቦታ ተመዝግቦ መያዙ ነው።