ከወንጌል ኅዳግ እስከ ፕላዝማ ችሎት፦ ፍትሕና መዝገቡ በስሜን ግርጌ

ከጎንደር ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኙት በዳባትና በደባርቅ፣ በዙሪያቸውም ባሉት የስሜን ተራሮች ግርጌ፣ የዳኝነት ታሪክ በአብዛኛው የርቀት ታሪክ ነው፤ ርቀቱም በባለጉዳዩና በዳኛው መካከል ያለው ዳገትና ቁልቁለት ብቻ ሳይሆን፣ በተፈጸመው ነገርና በሚቀርበው ማስረጃ መካከል ያለው የዘመን ርቀት ጭምር ነው።

በቀድሞው ሥርዓት ከሳሽ ተከሳሹን መንገድ ላይ ቢያገኘው በንጉሥ ስም አስቁሞ አላፊ አግዳሚውን ዳኛ ያደርገው ነበር፤ እንዲህ ያለው ሰው የመንገድ ዳኛ ይባላል። ነገሩ ወደ ሹም ሲያልፍ ሁለቱ ተሟጋቾች በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ይሄዱና፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት አደባባይ በበላ ልበልሃ ይከራከሩ ነበር። ሙግቱ ለሁሉ ጆሮ ክፍት ቢሆንም መዝገቡ የሰው ትዝታ ነበርና፣ በተለይ የርስት ክርክር የትውልድ ሐረግን እስከ አቅኚ አባት፣ ማለትም መሬቱን መጀመሪያ እስከ ያዘው ሰው ድረስ መቁጠር ስለሚጠይቅ፣ ሽማግሌ ሲሞት ማስረጃም አብሮ ይቀበር ነበር። በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ከምስክሮች ስም ጋር በቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ኅዳግ፣ በብራናው ባዶ ጠርዝ ላይ መጻፉ ይህን ችግር ለማቃለል ነበር፤ ቃሉን የሚያፈርስም ግዝት ይደርስበታል ተብሎ ይጻፍበት ነበር። ሆኖም ጽሕፈቱን ማንበብ የሚችሉት በአብዛኛው ካህናትና ደብተራዎች ነበሩ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አደራጀ፤ በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግም ክስና መልስ በጽሑፍ እንዲቀርብ፣ የምስክር ቃልም እንዲመዘገብ ደነገገ። ትዝታ በወረቀት ሲተካ ፊደል ያልቆጠረው ገበሬ አቤቱታውን በፍርድ ቤት ደጃፍ ለሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ እየከፈለ ማስጻፍ ግድ ሆነበት። ይግባኝ ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደሚርቀው ጎንደር ያስኬደው ነበር፤ ደባርቅ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ስትሆን ይህ መንገድ ቢያጥርም፣ የአዲ አርቃይ ቆለኛ ግን ዛሬም ሊማሊሞን መውጣት አለበት።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ ጀምሮ በአማራ ክልል ለገበሬው የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የኅዳጉ ጽሕፈት ወራሽ ነው ማለት ይቻላል። የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት ደብተር፣ ቀድሞ በባሏ ስም ብቻ ትታወቅ የነበረች ሴት በፍቺ ወይም በውርስ ክርክር ጊዜ ለዳኛው የምታሳየው ማስረጃ ሆኗል፤ ይኸው መረጃ ደግሞ ደረጃ በደረጃ ከካርታ ጋር ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው።

በፌዴራል ደረጃ፣ ተከራካሪዎች በየክልላቸው ሆነው በምስልና በድምፅ የሚቀርቡበት የፕላዝማ ችሎት የአዲስ አበባን መንገድ አስቀርቷል፤ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 በየትኛውም ደረጃ ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ የተደረገው የሰበር ሰሚ ችሎት የሕግ ትርጉምም በኢንተርኔት መነበቡ፣ የወረዳ ዳኛና የአዲስ አበባ ጠበቃ አንድ ገጽ እንዲያነቡ አስችሏል። ይሁንና ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት መቋረጡ፣ በመስመር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ አገልግሎት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚቆም አሳይቷል።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ፍትሕ የማግኘትን መብት ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ፣ የሚያነብና የማያነብ፣ ስልክ ያለውና የሌለው ብሎ አልለየም። ስለዚህ በደባርቅም ሆነ በዳባት አዲሱ መሣሪያ ሲገባ የወረቀት መዝገቡ አብሮ ሊጠበቅ፣ የባለጉዳዩን ቃል ያለ ክፍያ የሚጽፍና መልሶ የሚያነብለት ሠራተኛ ሊመደብ፣ ችሎቱም እንደ ጥንቱ አደባባይ ለሕዝብ ጆሮ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይገባል።