አንድ ገጽ የኮሚክ ሥዕል እንዴት 3 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል?

ጃንዋሪ 2022 ላይ በአሜሪካ ዳላስ ከተማ፣ ሄሪቴጅ በተባለው የሐራጅ ኩባንያ አንድ ወረቀት ለሽያጭ ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ወረቀቱ ማይክ ዜክ የተባለው ሰዓሊ በ1984 ለወጣው «ሲክሬት ዋርስ» ቁጥር 8 በእጁ የሳለው ገጽ 25 ነው። ስፓይደርማን ጥቁሩን ልብስ እንዴት እንዳገኘ የሚያሳየው ገጽ ማለት ነው፤ ያ ልብስ ኋላ ላይ ቬነም የተባለውን ገጸ ባሕርይ ወልዷል። ጨረታው በ330,000 ዶላር ተከፍቶ በ3.36 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። የታተመው ኮሚክ ግን ያኔ ሱቅ ላይ የሚሸጠው በ75 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር።

እንዲህ ዓይነት ዜና ሲሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «ማን ነው ይህን ያህል የሚከፍለው?» ብሎ ነው። ከዚያ በፊት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ፦ ይህ ወረቀት መጀመሪያውኑ የተሠራው ለምንድን ነው? መልሱ ሊያስገርማችሁ ይችላል። ሊሸጥ ወይም ግድግዳ ላይ ሊሰቀል አይደለም። ለማተሚያ ማሽን መሣሪያ እንዲሆን ነው።

ሥዕሉ እንደ ካሜራ ግብዓት

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የአሜሪካ ኮሚክ የሚሠራው እንዲህ ነበር። አንዱ ሰዓሊ በወፍራም ወረቀት ላይ በእርሳስ ይስላል። ሌላው ንግግሩን ይጽፋል። ሦስተኛው ደግሞ የእርሳሱን መስመር በጥቁር ቀለም ያደምቀዋል። ወረቀቱ ከሚታተመው ገጽ በጣም ይበልጣል፤ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተለመደው የሥዕሉ ልክ 10 በ15 ኢንች ነው፣ ማለትም 25 በ38 ሴንቲሜትር ገደማ። ተልቆ የተሳለ ነገር ሲያንስ ትንንሽ የእጅ ስሕተቶች አብረው ያንሳሉና አይታዩም።

ከዚያ ገጹ በትልቅ ካሜራ ፎቶ ይነሣል። ፊልሙ የሚሰማው በዋናነት ለሰማያዊ ብርሃን ስለሆነ፣ ነጭ ወረቀትና በፈዛዛ ሰማያዊ እርሳስ የተጻፈ ነገር ለእሱ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ሰማያዊ ብርሃን በደንብ ያንጸባርቃሉ። ስለዚህ ሰዓሊዎች ማስታወሻቸውን በሰማያዊ እርሳስ ይጽፉ ነበር፤ ያለ ላጲስ ይጠፋላቸዋል። ከፊልሙ የማተሚያ ሰሌዳ ይሠራል፣ ሰሌዳው ማሽን ላይ ይገባል። ቀለማቱ የሚዘጋጁት ለብቻቸው ስለሆነ ዋናው ሥዕል ብዙ ጊዜ ጥቁርና ነጭ ነው።

ሰሌዳው ከተሠራ በኋላ ወረቀቱ ምን ይሠራል? በአሳታሚው ዓይን ምንም። ኮንክሪት የሚፈስበትን ጣውላ አስቡት፤ ኮንክሪቱ ከደረቀ ጣውላው ይፈታል።

ገጾቹ የት ገቡ?

አሳታሚዎቹ ለሰዓሊው በገጽ ሒሳብ ሲከፍሉ፣ የማተም መብቱን ብቻ ሳይሆን ወረቀቱንም ጭምር የገዙ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ከፊሉን መጋዘን አስገቡት፤ ከፊሉ ተቆራርጦ ተጣለ፤ ቢሮ ሊጎበኙ የመጡ ልጆችም ጥቂቱን በስጦታ ይዘው ሄዱ። ታላላቆቹ ኩባንያዎች አዳዲስ ሥዕሎችን ለሰዓሊዎቹ መመለስ የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው።

የድሮዎቹስ? እዚህ ላይ የጃክ ኪርቢ ታሪክ ይመጣል። ፋንታስቲክ ፎርን፣ ሀልክንና ኤክስ ሜንን ከፈጠሩት አንዱ ነው። በ1980ዎቹ ማርቭል የቆዩ ገጾችን ሲመልስ ሌሎቹን ሰዓሊዎች ያስፈረማቸው የአንድ ገጽ ሰነድ ነበር፤ ለኪርቢ ግን ብዙ ግዴታ ያለበት የአራት ገጽ ሰነድ ቀረበለት። አልፈርምም አለ። የሙያ ጓደኞቹና አንባቢዎች ጮኹለት። በ1987 በመጨረሻ ወደ 2,000 የሚጠጋ ገጽ ተመለሰለት። ለኩባንያው የሳለው ግን ከ10,000 በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

ቁም ነገሩ ይህ ነው፦ አንድ ሥዕል ሁለት ንብረት ነው። አንዱ የማተም መብት ነው፣ ሌላው ወረቀቱ ራሱ። ሁለቱ የተለያየ ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል፣ ዋጋቸውም ለየብቻ ይሄዳል። ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር በ1938 የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጡ። ያ ክፍያ የተጻፈበት ቼክ አልጠፋም፤ በ2012 ሐራጅ ወጥቶ 160,000 ዶላር ተሸጠ። ሁለቱም ፈጣሪዎች ያኔ በሕይወት አልነበሩም።

ዋጋውን የሚወስነው ሁለተኛው ሰው ነው

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ። በሐራጅ ላይ አንዱ ተጫራች እስከ 3 ሚሊዮን፣ ሌላው እስከ 1 ሚሊዮን ለመክፈል ቆርጠው ቢመጡ ሥዕሉ በስንት ይሸጣል? በ3 ሚሊዮን አይደለም። ሁለተኛው ሰው 1 ሚሊዮን ላይ ሲያቆም፣ አንደኛው ትንሽ ጨምሮ ይወስደዋል። ስለዚህ ዋጋ እንዲሰቀል ሁለት ሀብታም ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ያንኑ አንድ ገጽ የሚፈልጉ። በ1984 የ12 ዓመት ልጅ ሆኖ ያንን ኮሚክ ያነበበ ሰው በ2022 የ50 ዓመት ሰው ነው፤ አንዳንዱም ገንዘብ አለው። የታተመው ኮሚክ በብዙ ሺህ ቅጂ ተሽጧል፤ ዋናው ገጽ ግን አንድ ብቻ ነው።

ደግሞ በዜና የምትሰሙት ዋጋ የኩባንያውን ኮሚሽን ይጨምራል። የቲንቲን ፈጣሪ ሄርዤ በ1936 ለ«ሰማያዊው ሎተስ» የሠራው የሽፋን ሥዕል በጃንዋሪ 2021 ፓሪስ ውስጥ፣ አርትኩሪያል በተባለው የሐራጅ ኩባንያ ሲሸጥ፣ መዶሻው የተመታው በ2.6 ሚሊዮን ዩሮ ነው። ኮሚሽኑ ሲደመር ወደ 3.2 ሚሊዮን ሆነ። ይህ ሥዕል ያኔ ለሽፋን አልዋለም፤ ቀለሙ ብዙ ስለሆነ ማሳተሙ ውድ ነው ተብሎ ቀርቷል። ሄርዤ ለአሳታሚው ትንሽ ልጅ ሰጠው፣ ልጁም አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው ይባላል። የእጥፋቱ ምልክት ዛሬም ሥዕሉ ላይ አለ።

ከዚህ ሁሉ ለሳለው ሰው ምን ይደርሰዋል? በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ሥዕል በነጋዴ ወይም በሐራጅ ቤት በኩል በድጋሚ ሲሸጥ ሰዓሊው ወይም ወራሾቹ ድርሻ ያገኛሉ፤ ግን በአንድ ሽያጭ ከ12,500 ዩሮ አይበልጥም። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ ሕግ የለም። ሰዓሊው ገጹን አንዴ ከሰጠ ወይም ከሸጠ፣ ቀጣዩ ትርፍ የሌላ ሰው ነው።

ሁሉም ግን እንደዚያ አያልፍም። ዎልቨሪን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን የ1974 «ሀልክ» ቁጥር 180 የመጨረሻ ገጽ፣ ሰዓሊው ኸርብ ትሪምፕ በ1983 ለአንድ ታዳጊ በስጦታ ሰጥቶት ነበር። ገጹ በ2014 በ657,250 ዶላር ሲሸጥ፣ ባለቤቱ አብዛኛውን ገንዘብ የተቸገሩ የኮሚክ ሰዓሊዎችን ለሚረዳ በጎ አድራጎት ድርጅት ሰጠ። ስቲቭ ዲትኮ የሳላቸውን፣ ስፓይደርማን የተወለደባቸውን የ1962 ገጾች ደግሞ ስሙን ያልገለጸ ሰው በ2008 ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አበረከተ። ሐራጅ ቢወጡ ስንት ያወጡ ነበር? ማንም አይከፍልባቸውም፤ የሕዝብ ናቸው። ቤተ መጻሕፍቱ የሚገኘው ብዙ የሀገራችን ልጆች በሚኖሩባት ዋሽንግተን ከተማ ነው።

ዛሬ ብዙ የኮሚክ ሰዓሊዎች በቀጥታ ታብሌት ላይ ይስላሉ። ፋይል ሲገለበጥ ቅጂውና ዋናው አይለዩም፤ ስለዚህ ለሐራጅ የሚቀርብ ወረቀት ላይኖር ነው። አንዳንዶቹ ቢያንስ የማድመቁን ሥራ በወረቀት ላይ የሚሠሩት አንዱም ለዚህ ነው፤ ገጹ የሚሸጥ ንብረት ይሆናቸዋል።

ከእናንተ መካከል የምትስሉ ካላችሁ፣ ሥራችሁን ለአሳታሚ ከመስጠታችሁ በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ጠይቁ፦ የማተም መብቱ የማን ይሆናል? ወረቀቱስ ወደ ማን ይመለሳል? መልሱን በጽሑፍ ያዙት። ሥዕሉ ላይ ቀንና ስም ጻፉ፤ ከፀሐይና ከእርጥበት አርቃችሁ፣ ሳታጥፉ አስቀምጡት።