«ወላሂ»፦ ከነጋዴ መሐላ ወደ ወሬ ማሟሻ



በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (እ.ኤ.አ. 1878–1932) የጅማው ሂርማታ ገበያ ከከፋ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች የሚገናኙበት ታላቅ ገበያ ነበር። ሙስሊም ነጋዴዎች በሄዱበት ሁሉ «ወላሂ» እና «ኢንሻአላህ»ም አብረዋቸው ተጓዙ።

ዛሬ በሚዛንና በቴፒ «ወላሂ»ን ክርስቲያን ጓደኞቻችንም ይሉታል። ችግሩ ያለው እኛው ጋ ነው። ወሬ በጀመርን ቁጥር እንምላለን፤ «ኢንሻአላህ፣ እመጣለሁ» ስንል ደግሞ ሰሚው «ቀረ» ብሎ ይረዳዋል!

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሐላ ዕቃን ቢያሸጥም በረካን እንደሚያጠፋ አስተምረዋል። አስበን የማልነውን ካፈረስን ከፋራ አለብን፤ አሥር ሚስኪኖችን ማብላት ወይም ማልበስ፣ ካልቻልን ሦስት ቀን መጾም (አል-ማኢዳ፡ 89)።

ቡና ስንመዝንም ስንቀጣጠርም ቃላችን ያለ መሐላ የሚታመን ይሁን። አላህ ምላሳችንን ይጠብቅልን። አሚን።