የቅዱስ ቫትስላቭ እንጉዳይ

የቦሔሚያው መስፍን ቫትስላቭ የተገደለው በስታራ ቦሌስላቭ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ያስገደለው የገዛ ወንድሙ ቦሌስላቭ ነበር። ዘመኑን ብዙዎቹ የታሪክ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. 935፣ ሌሎች 929 ይሉታል፤ በቀኑ ግን ይስማማሉ፤ ሴፕቴምበር 28። በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ የመስቀል ማግስት ይውላል። ቼኮች መስፍኑን ሰማዕት፣ ኋላም የአገራቸው ጠባቂ ቅዱስ አድርገው አከበሩት።

ስሙን ጫካ ያስገባው ገበሬው ነው። በዓሉ በሚቃረብበት ሰሞን፣ ዝናብ ሲያረጥበው፣ ከጉቶና ከዛፍ ሥር የማር ቀለም ያለው እንጉዳይ በዘለላ ይወጣል። ሕዝቡ ቫትስላፍካ አለው። ስሎቫኮች፣ ፖላንዶችና ሩሲያውያን ለዚሁ እንጉዳይ ያወጡለት ስም ከጉቶ የመጣ ነው፤ የት እንደሚገኝ ይናገራል። የቼኩ ስም ግን ቅርጫት ተይዞ የሚወጣበትን ጊዜ ያስታውሳል። ቀጠሮውን ለሚካኤልና ለገብርኤል ለሚይዝ የእኛ ሰው ይህ አቆጣጠር እንግዳ አይሆንበትም። እኔም ከሁለቱ የቼኩን አበልጣለሁ፤ ጉቶውን ማንም ዓይን ያለው ያገኘዋል፣ ወቅቱ ካመለጠ ግን ዓመት ያስጠብቃል።

ሊቃውንቱም ስሙን ተቀብለው የመላው ወገን መጠሪያ አደረጉት። ለረጅም ጊዜ አንድ ዝርያ ይመስላቸው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ፊንላንዳዊው ካሪ ኮርሆነን በአውሮፓ አምስት እርስ በርስ የማይዳቀሉ ዓይነቶች እንዳሉ አሳየ። ከእነዚህ አንዱ፣ የስፕሩስ ቫትስላፍካ፣ ለደን ባለሙያዎች ጭንቅ ነው።

ለቃሚው የሚያየው ፍሬውን ብቻ ነው። ዋናው አካል ከመሬት በታች ይኖራል፤ የጫማ ማሰሪያ የመሰሉ ጥቁር ገመዶቹ ከሥር ወደ ሥር እየተሳቡ ሕያው ዛፍ ውስጥ ይገባሉ፤ በቅርፊቱና በእንጨቱ መካከል ነጭ ሽፋን ዘርግተው ያደርቁታል። በቼክ ምድር የጥድ ዘመድ የሆነው ስፕሩስ ከ18ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ለእንጨት ምርት ሲባል፣ በማይስማማው ቆላ ጭምር ብቻውን በስፋት ተተከለ። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ድርቅ ሲደጋገም ዛፉ ተዳከመ፤ ቅርፊት በል ጥንዚዛው ከላይ፣ ቫትስላፍካ ከሥር ጨረሱት። ስለ ጥፋቱ ሲነሣ የሚቀድመው ጥንዚዛው ነው፤ የሥር በላውም ድርሻ አብሮ ሊነገር ይገባል።

ለቃሚዎቹ ግን ዛሬም አይቀሩም። በጥሬው ሆድ ስለሚያውክ በደንብ መቀቀል አለበት፤ ብዙዎች የመጀመሪያውን ውሃ ይደፉታል። ጠንካራው እግሩ ይጣላል። የቀረው ለሾርባና ለጉላሽ ይሆናል፤ ክዳኑ ገና ያልተዘረጋው ለጋው ደግሞ ከሽንኩርትና ከቅመም ጋር በኮምጣጤ ተዘፍዝፎ፣ ለበረዶው ወራት በብልቃጥ ይቀመጣል።