አማኑኤልና ቃሊቲ

እኛ የአቃቂ ቃሊቲ ልጆች የቦታ ስም እንዴት እንደሚበላሽ እናውቃለን። «ቃሊቲ ወረደ» ሲባል የከተማው ሰው የሚታየው ወህኒ ቤቱ ነው፤ ፋብሪካው፣ ወንዙ፣ የሠራተኛው መንደር ትዝ አይለውም። አማኑኤልም ዕጣው ይኸው ነው። የሆስፒታል ስም ነበር፣ ስድብ ሆነ። የሚገርመው ስድቡን ነጭ ጋዋን ከለበሱት ጓደኞቻችን አፍ መስማታችን ነው። ለአእምሮ ሕክምና ልምምድ የተመደበውን ተማሪ «አንተም ገባህላቸው?» ይሉታል፤ ይሳቃል።

ይህ ሳቅ ታሪክ አለው። አማኑኤል በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ በ1930 ዓ.ም. ተቋቁሞ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖረ። አንድ ቤት ለአንድ አገር! ከሩቅ ጠቅላይ ግዛት የሚመጣው በሽተኛ ብዙ ጊዜ ጠበሉን፣ ደብተራውን፣ ቃልቻውን አዳርሶ፣ የቤተሰቡ ጥሪት ካለቀ በኋላ፣ አንዳንዴም እጁን በገመድ ታስሮ ነበር የሚደርሰው። የተሻለው ወደ አገሩ ተመልሶ ያርሳል፣ ይነግዳል፤ ድኛለሁ ብሎ ለተማሪ ሊታይ አይመጣም። እንግዲህ ለጥቂት ሳምንት ዋርድ የሚገባው ተማሪ የሚያየው የባሰበትን ብቻ ነው፤ «እነዚህማ አይድኑም» ብሎ ይወጣል። በሳንባ በሽተኛ ላይ እንዲህ ቢፈርድ መምህሩ ዝም ባላለው ነበር።

ትምህርቱም ዘግይቷል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶች እዚሁ መሠልጠን የጀመሩት በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስፔሻሊስት ሐኪሞች ሥልጠና የተጀመረው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ነው፤ የካናዳው ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ መምህራን እየተመላለሱ አግዘዋል። ከዚያ በፊት ሐኪሙ ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። አንጋፋው በጣት በሚቆጠርበት ሙያ ጀማሪው ማንን አይቶ ይመኘው? ቀዶ ሕክምናን ቢመርጥ አንፈርድበትም። የምንፈርድበት በሳቁ ነው።

ሳቁ የት እንደሚያርፍ ደግሞ ተጠንቷል። በቡታጅራ አካባቢ የተደረገና በ1993 ዓ.ም. የታተመ ጥናት 178 የሕሙማን ዘመዶችን ጠይቆ ነበር፤ ሦስት አራተኛው መገለል እንደተሰማቸው ተናገሩ፤ ከሲሶው የሚበልጡት ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ፈለጉ። ልብ በሉ፣ የተጠየቁት እናት፣ ወንድም፣ ሚስት ናቸው።

ዛሬ ሆስፒታል ከሰፈራችን አይርቅም፤ ጥሩነሽ ቤጂንግ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ነው። ልጇ የታመመባት እናት ግን የትኛውም ሆስፒታል በር ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ከተለማማጆቹ መካከል የጎረቤት ልጅ እንዳለ ታያለች። ካለ ትመለሳለች።