ሁለት ኃይሉ፣ አንድ በላይ

ፍኖተ ሰላም ቀድሞ ወጀት ትባል ነበር። የዛሬውን ስሟን ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እንደ ሆኑ አባቶች ይነግሩናል። ለከተማ ንጉሥ ስም ያወጣላታል፤ ለሰውስ? እናትና አባት የሚያወጡለት መጠሪያውን ነው። ከሞተ በኋላ የሚነሣበትን ስም ግን ራሱ በሥራው እየጻፈው ይኖራል፤ አንዳንዴም ጽፎ ሳይጨርሰው ሌላ ሰው ይነጥቀዋል። በእኛ አገር ታላቁም ታናሹም በአንድ ጊዜ በስሙ የተፈተነበት ዘመን ቢኖር የጣልያን አምስት ዓመት ነው።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቅሉ፣ ቡሬ በጣልያን ምሽግ ሥር ነበረች። ኮሎኔል ናታሌ በሺህ የሚቆጠር ወታደር ይዞ ተቀምጦባታል። እንግሊዛዊው ዊንጌት ይመራው የነበረው የጌዴዎን ጦር ቁጥሩ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነበር፤ ነገር ግን ቡሬንና ማንኩሳን እየዞረ ሲያውክ ናታሌ ብዙ ሠራዊት የመጣበት መሰለው፤ የካቲት 25 ቀን ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። (ማንኩሳ ስል የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋን፣ በዛብህ የተወለደባትን መንደር ማለቴ ነው። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ዓ.ም. መጽሐፋቸውን ባያሳትሙ ኖሮ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል ያለችውን ይህችን ስፍራ ስንቱ ኢትዮጵያዊ ያውቃት ነበር? የምሽጉን ውጊያማ የሰፈራችን ልጆችም አያነሡትም።)

ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከዚህ ዘመን በፊት ስማቸው የገነነ ሰው ነበሩ። የጎጃም ንጉሥ ልጅ ናቸው፤ ጎጃምን ለረጅም ዓመታት ገዝተዋል፤ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረዋል፤ ንግድ የሚያውቁ፣ ግብር የሚያከብዱ መስፍን ነበሩ። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ባመለጡ ጊዜ እጃቸው አለበት ተብለው ሥልጣናቸውንም ነጻነታቸውንም አጡ። አራት ዓመት ቆይቶ ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ግን ከእስር ወጡ፤ ገቡለትም። ቂማቸው ይገባኛል። ግዛታቸውን የቀሟቸው ንጉሥ አገር ለቅቀው ሄደዋል፤ የአባታቸው ዘውድ ደግሞ ከዓይናቸው አልጠፋም። የተበደለ ሰው ታሪክ በደሉን ቆጥሮ የሚያመዛዝንለት ይመስለዋል፤ ሕዝብ ግን እንዲህ ያለ ሒሳብ አይሠራም። መጋቢት 1933 ዓ.ም. ሊያልቅ ሲል ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ የጣልያን የመጨረሻ ተስፋ የነበሩት ራስ ኃይሉም እጅ ነሡ።

በዚያው ዘመን ከዚያው ከጎጃም ቤት የወጡ ሌላ ኃይሉ ነበሩ፤ ኃይሉ በለው። እኒህ አርበኛ ነበሩ፤ ከነጻነት በኋላ ራስ ተብለው ጎጃምን ገዙ። አንድ ስም፣ አንድ ቤት፣ አንድ ማዕረግ። «ራስ ኃይሉ» በተባለ ቁጥር ሽማግሌዎች «የትኛው?» ብለው የሚጠይቁት ወደው አይደለም።

እኔን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ግን የውስጥ አርበኛው ነው። ቀን ከጣልያን ጋር ይውላል፤ ደመወዙን ይቀበላል፤ ሌሊት ጥይትና ወሬ ወደ ጫካ ይልካል። ጎረቤቱ ባንዳ ይለዋል፤ ልጁ በዚያው ይሰደባል፤ አይደለሁም ብሎ እንዳይናገር አንገቱ ይሄዳል። ነጻነት ሳይመጣ በወባ ቢሞት፣ ምስጢሩን የሚያውቀው አንዱ አርበኛም በጥይት ቢወድቅ፣ ያ ሰው እስከ ዛሬ ባንዳ ነው። በየገጠሩ እንዲህ ያለ ስንት ሰው ተቀብሮ ይሆን? ምን ተብዬ ልታወስ ብሎ ለሚያስብ ከዚህ የከበደ ፈተና አላውቅም፤ ደግ ሥራውን የገዛው በክፉ ስም ነውና። እኔ ብሆን እችለው ነበር? ግጥሜ በሌላ ሰው ስም ቢታተም ሌሊቱን ሙሉ የማልተኛ ሰው ነኝ፤ የምችለው አይመስለኝም።

የባንክ ሠራተኛ ስለ ሆንሁ የሟች ሒሳብ ሊያወጡ የሚመጡ ወራሾችን አያለሁ። የፍርድ ቤት ማስረጃቸውን ያቀርባሉ፤ የማይጽፈው አውራ ጣቱን ያትማል፤ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ደብተሩ ይዘጋል። ስለ ሟቹ የሚነገረው ወረፋ ሲጠብቁ ነው። ስለ አንዱ «ነፍሱን ይማረውና የሰው እህል አይነካም ነበር» ይባላል። ስለ ሌላው፣ ያስቀመጠው ገንዘብ ብዙ ሆኖ፣ አንድም ቃል አይወጣም።

አሁን ወደ በላይ ዘለቀ እንሂድ። ራስ ኃይሉን «አንቱ» እያልን በላይን «አንተ» የምንለው አክብሮት ጎድሎን አይደለም፤ የቤታችን ልጅ አድርገነው ነው። አባቱ በልጅነቱ የተገደሉበት ይህ የቢቸና አርበኛ ለተከታዮቹ እስከ ራስነት ማዕረግ ሲሰጥ፣ አንተስ ምን ትባል ቢሉት እናቱ ያወጡለት «በላይ» እንደሚበቃው መለሰ ይባላል። ከዚህ የተሻለ ቅኔ የትኛውም የቅኔ ቤት የዘረፈ አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ የእርሱም ስም ያለ ክርክር አልቀረም። በ1933 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ የሸሸው የጣልያን ጦር አባይን ሲሻገር በላይ መንገዱን ሳይዘጋ እንዳሳለፈው፣ ይህንም ያደረገው ራስ ኃይሉ ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለ ገቡለት እንደ ሆነ የእንግሊዝ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። በእኛ በኩል ይህ ሲተረክ ሰምቼ አላውቅም። የምንወደውን ሰው ስንተርክ አንዳንድ ገጽ አጥፈን እናልፋለን፤ ሆኖም ይህ ገጽ ቢገለጥ በላይ የሚያንስ አይመስለኝም፤ ያው እንደ ሰው ይሆናል እንጂ።

ከነጻነት በኋላ ደጃዝማች ተባለ፤ ቢቸናንም ተሾመ። ቅሬታ ገባው፤ ከመንግሥት ጋር ተጣላ፤ ተከቦ ተያዘ። ሞት ተፈርዶበት ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፤ ከእስር ቤት አምልጦ ሲያዝ ግን ምሕረት አልነበረም፤ ጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። አብሮት ያመለጠውና አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር፤ የዚያኛው፣ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በእርሱ ስም ይጠራል፤ ሰሌዳው ላይ ደጃዝማች የሚለውን ጨምረውበታል።